ከሞተሬ ያወረደኝ ጌታ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ትንሽ ልመስክር ብዬ ተነስቻለሁ። "ግርማ አንዴ መስክሮ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ቀረው?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ መስክሬአለሁ፤ እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ። እናንተም እልል ብላችኋል። ዛሬ ይህን ክራንች በብብቴ ይዤ ስገባ እርስ በርስ ስትተያዩ አይቻለሁ። የመጣሁት ያንን ምስክርነቴን ላርመው ነውና በጸሎት ደግፉኝ። ላቤ ከአሁኑ እየወረደ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት አታሳብቡልኝ!

እንግዶች ስላላችሁ ከመጀመሪያው ልነሳ። የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ከሐረር ድሬ፣ ከድሬ ሐረር። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዓይኔን ጨፍኜ እወርደዋለሁ እያልኩ የምፎክር፣ ጫቱን ጉንጬ ውስጥ ወትፌ ሰው የማልሰማ ሰው ነበርኩ። ሹፌር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ ይከቱታል፤ ባዶ ያደርጉታል ማለት ነው። መኪናው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፣ ነዳጅ ይተርፋል። ግን ፍሬኑን አቃጥሎ ይገድላል። ለሌላው ሲነገር "እኔ ሌላ ነኝ" እል ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሽንኩርት ጭኜ ስወርድ ፍሬኑን ብረግጠው የለም! በግራዬ ገደል፣ በቀኜ አለት። መሪውን ወደ አለቱ መለስኩት። ሽንኩርቱ መንገዱን ሞላው፣ ቀኝ እግሬ ከብረቱ ስር ቀረ። ሌላ ሰው አልጎዳሁም፤ ስሙ ይባረክ!

ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና "አጥንቱ ይገጥማል፤ ጉልበትህ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም፣ እግርህም አይሸከምህም" አለኝ። ሚስቴ ጥሩነሽ አጠገቤ ነበረች። "ነፍስህ ከተረፈች እግሩ ለኔ ምን ያደርግልኛል?" አለች። አሁን ሳስበው እንዴት ያለች ሴት ናት! ያኔ ግን ተቆጣኋት። ቤት ገብቼ ግድግዳ ሳይ፣ ስቅም፣ ስራገም አንድ ዓመት አለፈ።

ያኔ ነው ጋሽ ደምሴ የመጡት። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የማይታጠፈው እግሬ እንዲገባልኝ ሱሪዬን ሊያሰፉልኝ መጥተው፣ መለኪያቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ወንጌል አነበቡልኝ። በሳምንቱ ተመለሱ። እንደገና ተመለሱ። "ሱሪው አላለቀም?" ስላቸው "ሱሪው አልቋል፣ አንተ ነህ ያላለቅኸው" አሉኝ። ከብዙ ንባብና ከብዙ እንባ በኋላ ጌታን ተቀበልኩ። ይህ እውነት ነው ወገኖች! ጫቱ ሄደ፣ እርግማኑ ሄደ። ከዚህ ላይ የማርመው አንዲት ቃል የለኝም። ሃሌሉያ!

የማርመው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ያን የጸሎት ቀን ታስታውሳላችሁ። እጅ ጭናችሁብኝ ስትጸልዩ ሰውነቴ ጋለ፣ ሕመሙ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ተነስቼ አምስት እርምጃ ሄድኩ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እኔም ያቺ የደንገጎዋ ትዕቢቴ ተመልሳ መጣችና ክራንቼን አግዳሚ ወንበር ላይ ደግፌ በእጄ ሰበርኩት። "ተፈውሻለሁ! ከእንግዲህ አልፈልገውም!" አልኩ። እንዲህ አድርግ ያለኝ ሰው አልነበረም። እጄን ይዛችሁ፣ በትከሻችሁ ደግፋችሁ በደስታ ቤቴ አደረሳችሁኝ። በሩ እንደተዘጋ ወደቅሁ። ጥሩነሽ እየጎተተች አልጋ ላይ አወጣችኝ።

ጠዋት ስነሳ እግሬ እንደነበረ ነው፣ ክራንቹ ግን የለም። አናጢ እንዳላዝ አናጢው ወንድማችን ነው፤ ያው፣ እዚያ ተቀምጦ እያየኝ ነው! ከቀፊራ ገበያ እንዳላስገዛ ወሬው ከክራንቹ ቀድሞ እናንተ ጋ ይደርሳል። ሰው ሲመጣ ጥሩነሽ "ጾም ጸሎት ላይ ነው" ትላለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባል የለ? ጾም ጸሎቱ አራት ወር ሆነ። በመኪና አደጋ አንድ ዓመት ታሰርኩ፤ አሁን ደግሞ በገዛ ምስክርነቴ ታሰርኩ። "ግርማ አልዳነም" ቢባል የእናንተ እምነት የሚፈርስ፣ ጌታም የሚያፍርብኝ መሰለኝ።

ከግቢያችን ጀርባ የአብዲ ጋራዥ አለ። አብዲ ሶማሌ ነው፣ እስላም ነው፤ ስለ እርሱ ግን በዚህ ጉባኤ ፊት በደስታ እናገራለሁ። በአጥሩ በኩል ስድህ አይቶኝ ኖሯል። አንድ ቀን አሮጌ የጣሊያን ሞተር ብስክሌት እየገፋ በጓሮ በር ገባ።

"ዋርያ ግርማ!" አለኝ። "የተሰበረው እግርህ ነው። እጅህ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም።"

"ታዲያ ንዳው አቦ!"

ያ ሞተር ማርሹ በቀኝ እግር የሚለወጥ ነበር። አብዲ ብረት ቆርጦ፣ በይዶ፣ ማርሹን ወደ እጅ አመጣልኝ። ለቀኝ እግሬም ቀጥ ብሎ የሚዘረጋበት ማሳረፊያ ሠራልኝ። ስንት ቀን እንደለፋበት! "ለምን ተደበቅህ?" ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ላመሰግነው ስል "ሞተሩ ቆሞ ዝጎ ነበር፣ አንተም ቆመህ ዝገህ ነበር፤ ወላሂ ሁለታችሁንም ማየት ሰለቸኝ" አለኝ።

ወገኖች፣ የዚያን ጠዋት ነገር እንዴት ልንገራችሁ! ፀሐይ ገና ሳትበረታ አብዲ ደግፎ አስቀመጠኝና ገፋኝ። ሞተሩ ሲነሳ ደረቴ አብሮ ተነሳ። ከተማውን ለቅቄ ወደ ቢዮ አዋሌ ስሄድ ወተት የጫኑ ሴቶች ወደ ገበያ ይመጣሉ፣ ግመሎች አንገታቸውን ያዞራሉ፣ ነፋሱ ሸሚዜን ይነፋዋል። ከዓመት በላይ ያየሁት አንድ ግድግዳ ነበር፤ እግዚአብሔር ለካ ይህን ሁሉ ሜዳ ዘርግቶ ያቆየልኝ ነው! ጮክ ብዬ ዘመርኩ። ድምፄን ታውቁታላችሁ፣ ፍየሎቹ ሸሹ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው። እዚያ ላይ አንካሳ አልነበርኩም። ክብር ለስሙ ይሁን!

ቀስ በቀስ ሥራም ተገኘ። አንድ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ማለት ነው፣ መንደር ለመንደር መድኃኒት የሚያደርስለት ሰው ሲፈልግ አብዲ እኔን ጠቆመው። ሐርላ፣ ቢዮ አዋሌ፣ መኪና የማይገባበት ሁሉ እሄዳለሁ። እናቶች ድምፄን፣ የሞተሬን ማለቴ ነው፣ ሲሰሙ ከቤት ይወጣሉ። መኪናዬን ስነዳ የማስበው የራሴን ስም ነበር፤ አሁን የማስበው "የእከሌ ትኩሳት በርዶለት ይሆን?" የሚለውን ሆነ። ጌታ ለምን እንዳተረፈኝ በዚያ መንገድ ላይ ገባኝ። እዚህ ግን አልመጣም። እሁድ እሁድ "መንገድ ላይ ነኝ" እላለሁ፤ መንገዱንም መደበቂያ አደረግሁት።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ከሞተሬ አልወርድም። እንዴት ልውረድ? ከወረድኩ መቆም የለ! መድኃኒቱን እንደተቀመጥኩ እሰጣለሁ፣ ሽማግሌ ሲመጣ እንደተቀመጥኩ ሰላም እላለሁ። በአገራችን በቅሎ ላይ ያለ ሰው እንኳ ለሽማግሌ ይወርዳል። "ባለሞተሩ ኩሩ ነው" ተባልኩ። ይባል አልኩ፤ ከአንካሳ ኩሩ መባል ተሻለኝ።

ሐርላ ላይ ኦቦ ኡመር የሚባሉ አዛውንት አሉ። ሚስታቸው ሳል ይዟቸው በየሳምንቱ መድኃኒት አደርስላቸው ነበር። እኚያ ሴት በር ላይ ቆመው "ውረድ፣ ውሃ ጠጣ" ይሉኛል፣ እኔ "ቸኩያለሁ" እላለሁ። በአንድ ማክሰኞ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴትየዋ አርፈዋል። ሞተሬን አጥፍቼ፣ እላዩ ላይ ተቀምጬ፣ አንገቴን ደፋሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ኦቦ ኡመር ከተቀመጡበት ተነስተው መጡና መሪዬን ያዙ።

"እሷ በሕይወት ሳለች አልወረድክም" አሉኝ። "ዛሬም አትወርድም?"

ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ዓይናቸው ላይ የነበረው ግን ሐዘን ብቻ ነው። ለእናንተ፣ ለወንድሞቼ ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው።

"አባቴ፣ መውረድ አልችልም። እግሬ ሰባራ ነው። አልዳነም።"

ኦቦ ኡመር እግሬን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ይኸው ነው? ይህን ነው የደበቅኸው?" አሉ። ሚስታቸውን በዚያ ጠዋት የቀበሩ ሰው፣ ሌላ ሰው ሳይጠሩ፣ ትከሻቸውን ብብቴ ስር አስገቡና ከሞተሬ አወረዱኝ። እየተንገዳገድን፣ ሁለታችንም ልንወድቅ እየደረስን፣ ምንጣፉ ድረስ ወሰዱኝ። ሰዎቹ ተጠጋግተው ለእግሬ መዘርጊያ ቦታ ለቀቁልኝ። የሳቀብኝ የለም። አብሬአቸው አለቀስኩ። እሳቸው ለሚስታቸው፣ እኔ ለሚስታቸውም ለራሴም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ያን ቀን ከእኔ የወደቀውን ሸክም ብታዩት! "አልዳነም" ያልኩ ጊዜ ሰማይ አልተደፋም። ጌታ አላፈረብኝም። ለእርሱ ክብር ብዬ የምዋሸው ውሸት እንደማያስፈልገው ገባኝ። ስመለስ መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ሞተሩም ያው ነው፣ እኔ ግን የምሸሸው ነገር አልነበረኝም። ስሙ ለዘላለም ይባረክ!

በማግስቱ አብዲ በጋራዡ የዕቃ ጋሪ እየገፋ ጋሽ ደምሴ ሱቅ አደረሰኝ። ሁሉን ነገርኳቸው። መቀሳቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። "ይህን ለጉባኤው ልናገር" አልኳቸው። "ሰው ይሰናከላል" የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን "ልጄ፣ እኔ ደጃፍህ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ ተመልሻለሁ" አሉኝ። "ያን ቀን ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። በሩን ከፍተህ ወድቀህ እንዳላይህ ፈራሁ። አንተ ስትናገር የእኔንም ተናገርልኝ።" እንዲህ ያለ ሽማግሌ የሰጠን ጌታ ይመስገን! ስንት ሰው ነው በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚናገር? ይህን ክራንችም ከዚያ በኋላ ሳልደበቅ ከቀፊራ አስገዛሁት።

እንግዲህ ምስክርነቴ የታረመው ይህ ነው። እግሬ አልተፈወሰም። ጌታ ሊፈውሰው ይችላል፤ ዛሬም እለምነዋለሁ። የፈወሰኝ ቀን እናንተ ፊት ጉልበቴን አጥፌ አሳያችኋለሁ፤ ሐኪሙም ይምጣና ይይ! እስከዚያው ግን ከጫት የፈታኝ፣ ከትዕቢት የፈታኝ፣ ከገዛ ምላሴ እስራት የፈታኝ ጌታ ሕያው ነው። ማክሰኞና ሐሙስ መንገድ ላይ ነኝ። እሁድ ግን እዚህ ነኝ።

ከመካከላችሁ እንደኔ "ድኛለሁ" ብሎ ቤቱ የወደቀ ካለ፣ ለልጇ ጸልያ መልስ ያጣች እናት ካለች፣ "ምን እላለሁ?" ብሎ የቀረ ወንድም ካለ፣ በዚህ ጌታ ታመኑ። እንደ ሆናችሁ ኑ። እርሱ ሰባራነታችንን ከእኛ በፊት ያውቀዋል፤ የማንተዋወቀው እኛ እርስ በርሳችን ብቻ ነን።

አሁን ልቀመጥ። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ ብቻዬን መቀመጥ አልችልም። ጋሽ ደምሴ፣ እባክዎ፣ እጅዎን ይስጡኝ።