ጣፍጦኝ ነው የጠጣሁት

ጅጅጋ በገባሁ በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ፆሜን ሻርኩ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁት በ2012 ነው፤ አገሩን አላውቅ፣ ሶማሊኛ አልችል። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ካለች ምግብ ቤት ገባሁና ሴቶች ከሚቀመጡበት ከመጋረጃው ወዲያ ቁጭ ብዬ "ሥጋ የሌለው ሩዝ" ብዬ አዘዝኩ። ሩዙ ከሙዝ ጋር መጣ። ሙዙ ለምን እንደመጣ ስላልገባኝ ወደ ዳር አደረግሁትና ሩዙን ተያያዝኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ጎንበስ አለችልኝ።

"ልጄ፣ ፆመኛ ነሽ እንዴ?"

"አዎ።"

"ሩዙ በምን እንደተቀቀለ ጠይቀሻል?"

አልጠየቅኩም። ማንስ ይጠይቃል? እኛ አገር ሩዝ የሚቀቀለው በውኃ ነው። እዚህ ግን በፍየል መረቅ ነው የሚበስለው፤ ሥጋ የሌለው ካልሽ ሥጋውን ያነሱልሻል እንጂ መረቁን ከሩዙ ውስጥ የሚያወጣልሽ የለም። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችብኝ። እሷ ፊት የነበረው ላሆህ ነው፤ ስስ እንጀራ የመሰለ፣ የሰሊጥ ዘይት ፈሶበት ስኳር የተነሰነሰበት። "የፆሙ ይኼ ነው" ብላ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝና ሳህኔን ከፊቴ ገፋችው።

እትዬ አትጠገብን የተዋወቅኋት እንዲህ ነው። ለካ እኔው መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። አባቷ አሥር አለቃ ነበሩ፤ ከጦሩ ጋር መጥተው ካራማራ ግርጌ ሰፍረው እዚሁ ቀሩ። እሷ የጅጅጋ ልጅ ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው፣ ወንድሟ ነቢዩ አዳማ ገብቷል። በወሩ ግቢዋ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁና ቅዳሜ ቅዳሜ ተከታይዋ ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ እስከ ቀትር አትመለስም። መጀመሪያ ሄል የበዛበት ሻይ በወተት፣ ከዚያ ትኩስ ሳምቡሳ፣ ከዚያ በእጅ የሚበላ ፓስታ። ብስባስ የሚሉት የቃሪያ ማባያ አለ፤ መጀመሪያ ቀን በማንኪያ አንስቼ ስጎርሰው ዓይኔም አፍንጫዬም ፈሰሰ፣ እሷ ግን ውኃ እንዳይሰጡኝ ከለከለች፤ ውኃ ያባብሰዋል አለች። አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ አውበሬ የምትባል የጠረፍ ከተማ ድረስ ወሰደችኝ። ለምን? ሻይ ለመጠጣት። ያን ሁሉ አቧራ ቅመን አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጣንና ተመለስን። "እንዴት ነው?" አለችኝ። ሻይ ነው አልኳት። እስከ ጅጅጋ አኮረፈችኝ።

ሰው ያማታል። በዚህ ዕድሜዋ፣ የሰው እናት ሆና፣ በየመንገዱ ትበላለች ይላሉ። ሲነግሯት "ቤቴ ማን አለ? ከግድግዳ ጋር ልብላ?" ትላለች።

የቅዳሜው መጨረሻ ሁልጊዜ ሳዳ ዘንድ ነው። ሳዳ ወተት ሻጭ ናት፤ ገበያው ጫፍ፣ ጃንጥላ ሥር፣ ቢጫ ጀሪካኖቿን ደርድራ ትቀመጣለች፤ ድምጿ ከገበያው ሁሉ በላይ ይሰማል። እትዬ አትጠገብ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ በጣሳ የግመል ወተት ትጠጣለች። ለማያውቅ ልንገር፤ ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹ ግመል አይበላም፣ ወተቱም አይጠጣም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደንግጬ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

"ሥጋውንም ትበያለሽ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አልበላም። አምሮኝ አያውቅም። ወተቱ ግን ያምረኛል።"

"እሱ'ኮ ምክንያት አይደለም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምን ላድርግሽ? ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ደግሞ ፆም የምታፈርስ እንዳይመስላችሁ። ረቡዕና ዓርብን እንደ እሷ አጥብቆ የሚፆም ሰው አላየሁም። ፆም ሲገባ ሳዳን በሩቁ ሰላም ብላ ታልፋለች።

ነገሩ የተበላሸው በኅዳር ሚካኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን፣ አሥር የሚሆኑ የማኅበሯ ሴቶች ነጭ ለብሰው፣ እኔም ከኋላ፣ ዋናውን መንገድ ይዘን ስንሄድ ሳዳ ከማዶ አየቻት።

"አትጠገብ! አባዮ፣ እህቴ! ቅዳሜ የት ጠፋሽ? ወተትሽን ይዤ ዋልኩ፣ ወላሂ! የጠዋቱን፣ የምትወጂውን!"

አሥሩም ሴቶች ቆሙ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃዋ፣ እትዬ የሺጥላ ዘወር አለችና "የምን ወተት ነው?" አለች። ሳዳ የላምም ትሸጣለች። "የላም" ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ በሆዴ "የላም በዪ፣ የላም በዪ" እላለሁ።

"የግመል" አለች እትዬ አትጠገብ።

ይኼ የሚካኤል ማኅበር ዝም ብሎ ማኅበር አይደለም። የእሷ እናት ከወታደር ሚስቶች ጋር ሆና የመሠረተችው ነው፤ የመጀመሪያው ጽዋ የተጠጣው እሷ አሁን በምትኖርበት ቤት ነው። በየወሩ በ12 አንዷ ትደግሳለች፤ ከዚያ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በእልልታ ለተረኛዋ ይሰጣል። ከእትዬ የሺጥላ ቀጥሎ ተራው የእሷ ነበር። ሴቶቹ መከሩና ላኩባት፤ ንስሐ ካልገባች ጽዋው ቤቷ አይገባም። ሠላሳ ዓመት ያላጓደለችው፣ ከእናቷ እጅ የተቀበለችው ጽዋ። በዚያ ሳምንት ምግብ አስጠላት፤ እትዬ አትጠገብን ምግብ ሲያስጠላት ሳይ ልቤ ተሰበረ።

መምሬ ካሳሁን፣ የነፍስ አባቷ፣ ቤት ድረስ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ መውጫ ይዘውላት ነው የመጡት።

"ስኳር አለብሽ አይደል?" አሏት። ጥያቄ አይመስልም፤ መልስ ማቀበል ነው።

"የለብኝም፣ አባቴ።"

"ተመርምረሻል?"

"ባለፈው ወር። የለብኝም።"

"አትጠገብ፣ በዚህ ዕድሜ ትንሽ ስኳር የማያጣው ሰው አለ? ይኼ ወተት ለስኳር ይበጃል ይላሉ። ለመድኃኒት የወሰደን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ለእናቶች እኔው እነግርልሻለሁ። ካንቺ የምፈልገው አንድ ቃል ነው።"

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ እሺ በዪ፣ በናትሽ እሺ በዪ።

"አባቴ፣ ጣፍጦኝ ነው የጠጣሁት።"

"እንግዲያው ንስሐ ግቢ።"

"ንስሐ ያልተጸጸተ ሰው ይገባል? እኔ አልተጸጸትኩም። ተጸጽቻለሁ ብዬ መስቀል ፊት ብዋሽ የቱ ይብሳል? እርስዎ ይፍረዱ።"

መምሬ አልፈረዱም። መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ።

እሳቸው እንደወጡ እኔ ፈነዳሁ። አንድ ቃል! ለአንዲት ቃል የእናትሽን ጽዋ! ጮኼ ጮኼ ሲደክመኝ ብቻ ነው መልስ የሰጠችኝ።

"በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲታመስ ነቢዩ 'ነይ ውጪ፣ አገርሽ አይደለም' አለኝ። አገሬ ነው ብዬ ቀረሁ። አሁን አገሬ የሚጠጣውን ስጠጣ በሽተኛ ነኝ ልበል? አልልም። ደብረ ብርሃን ብወለድ ባልጠጣሁት። የተወለድኩት እዚህ ነው።"

ታኅሣሥ 12 እትዬ የሺጥላ ቤት ሄድን። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፤ ለእትዬ አትጠገብ በተለየ ኩባያ ሰጧት፣ ተቀብላ ጠጣችው። ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ እትዬ የሺጥላ ይዛው ተነሣች። እትዬ አትጠገብ እጇን አመቻችታ ተቀምጣለች። ጽዋው በፊቷ አለፈና ቀጥላ ላለችው ተሰጠ። እልልታው ቀዝቃዛ ነበር። እትዬ አትጠገብ ነጠላዋን ሰብስባ ቆመች።

"እናንተ ዝለሉኝ። እኔ ግን አልቀርም።"

አልቀረችም። በጥር 12 ዳቦዋን ይዛ መጣች፣ በየካቲት መጣች። በየወሩ ያንን የተለየ ኩባያ ትቀበላለች፣ በየወሩ ጽዋው ያልፋታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሳዳ ዘንድ መሄድ ስታቆም ሴቶቹ ደስ አላቸው፤ ይኼው ተወችው፣ ልትመለስ ነው ተባለ። ምስኪኖች። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በኩል ሣጥኗን አዙራ ተቀምጣ ሁለት ጣሳ ጠጣች። ሳዳ የሆነውን ሰምታ ነበርና ሁለተኛውን ስትቀዳ "በእኔ ምክንያት ነው፣ አባዮ" ብላ አለቀሰች። እትዬ አትጠገብ "ዝም በዪና ሙዪው" አለቻት።

በግንቦት ተረኛዋ ሮዛ ነበረች። ሮዛ አስተማሪ ናት፣ ከማኅበሩ ሁሉ ታናሽ፤ ስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ጽዋውን ለመስጠት ተነሣች። ቀጣይዋ ተረኛ ቀኝ በኩል ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሮዛ ወደ ግራ ሄደችና ጽዋውን እትዬ አትጠገብ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

እትዬ የሺጥላ ብድግ አለች። "ሮዛ! ምን ነካሽ?"

"ስድስት ወር ሙሉ መጥታ ተቀምጣለች" አለች ሮዛ። "እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አልመለስም ነበር። እናንተም አትመለሱም።"

እትዬ የሺጥላ ወደ እትዬ አትጠገብ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ልመና ነበር።

"በይ አንቺው ንገሪን። ንስሐ ገብተሻል፣ አይደል?"

"አልገባሁም። ባለፈው ቅዳሜም ጠጥቻለሁ።"

ይህን ብላ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ተነሣች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ ልትጠርገው አልሞከረችም። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

"የሰኔ ሚካኤል እኔ ቤት ነው። የምትቀር ካለች አሁን ትንገረኝ፣ ጠላውን በልክ ልጥመቅ።"

አንዲትም ሴት እቀራለሁ አላለችም።