መምህሩ ሲታነቅ

ልዋሽ እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ በአብሮ አደጌ በሃምሳ አለቃ ቀንቻለሁ። ቀብሩ ላይ እንኳ፣ የወረታ ከተማ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያወጣ አይቼ፣ «ለእኔስ ስንቱ ይመጣ ይሆን?» እያልሁ ነበር የቆምሁት።

እዚሁ ወረታ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። እኔ አንደኛ ነበርሁ፤ እሱ የእኔን ደብተር እየገለበጠ ነው ያለፈው፣ ያውም ሲያልፍ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ የፊዚክስ መምህር ሆንሁ። እሱ ወታደር ቤት ገባ፤ የመኪና ጥገና ሲሠራ ኖሮ፣ አልታጠፍ ያለ ግራ እግርና የሃምሳ አለቃ ማዕረግ ይዞ ተመለሰ። ያኔ አዘንሁለት። ለእሱ ማዘን እንዴት ደስ ይለኝ ነበር መሰላችሁ!

ምን ያደርጋል፣ ብዙም ሳይቆይ ግቢውን በበርሜልና በአሮጌ ሞተር ሞላው። ሩዝ በበሬ ማበራየት ቀርቶ በሞተር መውቂያ ይሆናል ይል ጀመር። ፎገራ መሬቱ ውኃውን መጥጦ ሳይጨርስ ነው ሩዙ የሚደርሰው፤ በሬው አውድማው ላይ ሲዞር ጭቃውም እበቱም ከፍሬው ጋር ነው። «ወታደሩ ለየለት» አለ ሰዉ። እኔም ብያለሁ። እንዲያውም ቀድሜ ያልሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈተና ሳርም መጣ።

«አንተ ሰው፣ በርሜሉስ ዞረልኝ፤ ፍሬውን ከገለባው ጋር እየተፋ ነው ያስቸገረኝ። ምን ላርግ?»

ቶሎ እንዲሄድልኝ ብዬ አንድ የፈተና ወረቀት ገልብጬ ሣልሁለት፤ ከበርሜሉ ሥር በፌሮ የሚበየድ ጎባጣ ወንፊት፣ መግቢያው ሰፋ፣ መውጫው ጠበብ ያለ። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከመቀመጫዬ ተነሥቼም አልሸኘሁት።

በዚያው ዓመት ቁሐር ሚካኤል አውድማ ላይ መውቂያው ሠራ። ኧረ እንዴት አድርጎ ይሠራል! ነዶው በዚህ ይገባል፣ ንጹሑ ፍሬ በዚያ ይንዠቀዠቃል። ገበሬው ማሽኑን ራሱን «ሃምሳ አለቃ» ብሎ ጠራው። «ነገ ሃምሳ አለቃ እኛ ዘንድ ነው» ይባባላሉ። እሱም ወደ ሐሙሲት በሚወስደው አስፋልት ዳር ትልቅ ብየዳ ቤት ከፈተ፤ ከየወረዳው እየመጡ መውቂያ የሚያዙት ወረፋ ያዙ። እኔ ክፍል ገብቼ የሚሽከረከር ነገር ምሳሌ ስጡኝ ስል፣ ተማሪው ሁሉ «ሃምሳ አለቃ!» ይለኛል። ባለቤቴ ሳትቀር «አብራችሁ አልነበር የተማራችሁት?» አለችኝ። የጎረስሁት አልወርድ አለኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ፣ «ወንፊቱን ያወጣልኝ እሱ ነው» እንዲል። ይህችኑ ብቻ። እሱ እቴ! ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ እየሳቀ ያልፋል።

አንድ የውቂያ ሰሞን ለቅሶ ልደርስ በቁሐር ሚካኤል በኩል ሳልፍ፣ መውቂያው ነዶ ጎርሶ ቆሟል። ሠራተኞቹ አላዩኝም።

«መምህሩ ታንቋል!» አለ አንዱ።

«በመዶሻ በለው መምህሩን! ይተፋዋል!»

ሁሉም አሽካኩ። እሱም መሀላቸው ቆሞ አብሮ ይስቃል። ደሜ ፈላ። ለካ እኔን ነው መሳቂያ ያደረገኝ! ለቅሶውንም ሳልደርስ ተመለስሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነሳሁት። ለበዓል ሩዝ ቢልክልኝ መለስሁበት። በብየዳ ቤቱ በር ላለማለፍ በጓሮ መንገድ ጭቃ ለጭቃ ስዞር ስንት ጫማ ጨረስሁ። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። የእግሩ ሕመም ሲጠናበት ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊገባ ተነሣና፣ «አብረን እንሂድ፣ እየተጫወትን እንሰነብታለን» ብሎ ባለቤቱን ላከብኝ። «ፈተና አለብኝ በይው» አልኋት። ምንም ፈተና አልነበረብኝም። ከወንዛዬ በተመለሰ በሳምንቱ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ የብየዳ ቤቱ ዋና በያጅ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«መምህር፣ በዚህ ሰዓት ባላስቸግርዎ ደግ ነበር። መምህሩ ከወረቀቱ ላይ እየጠፋብን ነው። እንደገና ይሥሉልን ብዬ ነው።»

«ምኑ?»

ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ዘይት የጠገበ የፈተና ወረቀት ነው። ጀርባው ላይ የእኔ ሥዕል አለ።

«ወንፊቱ ነዋ! ስሙን መምህሩ ያሉት ሃምሳ አለቃ ናቸው። አዲስ ሠራተኛ በቀጠሩ ቁጥር፣ ‹ይህን ያወጣልኝ መምህሩ ጓደኛዬ ነው፤ እሱ ባይኖር ይኸ ሁሉ ብረት ለምንም አይሆንም ነበር› ሳይሉ ሥራ አያስጀምሩም። ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል እኮ። እርስዎ አያውቁም እንዴ?»

ወረቀቱን ተቀበልሁት። «እንደተቀየምሁት ያውቅ ነበር?» አልሁት።

«እንዴት አያውቁ! ሄደን ምን አስቀየምንዎ ብለን እንጠይቅዎ ብንላቸው እሺ አላሉም። ‹ታንቆ ነው፤ ተዉት፣ ይለቀዋል› ይሉን ነበር።»

እርሳስና ንጹሕ ወረቀት ተቀብዬ እዚያው ጉልበቴ ላይ መሣል ጀመርሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜም ቀናሁበት። እኔ ብሆን እስኪለቀው ብዬ ያን ሁሉ ዓመት አልጠብቅም ነበር።