የሚሰማ ሰው

ልጄ የምትማርበት ስልክ የእንግሊዝኛ ቃል ጠርቶ ዝም ይላል። እሷም ቃሉን ሳትደግም ዝም ብላ ትነካካዋለች። ያ ዝምታ ወደ ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት መለሰኝ።

የክፍላችን ሬዲዮ ቃል ጠርቶ ፋታ ሲሰጠን በአንድ ድምፅ እየጮኽን እንደግም ነበር። አንድ ቀን አባቴ ለአጨዳ ሊወስዱኝ መጥተው በር ላይ ቆሙ።

«የኔታ፣ ይህ ሳጥን ይሰማቸዋል?»

«አይሰማም፣ አባባ» አሉ መምህሩ። «ልጆቹ ግን የሚሰማቸው ሰው ይፈልጋሉ።»

አባቴ ትምህርቱ እስኪያልቅ ተቀምጠው ሰሙን፤ ከዚያ ይዘውኝ ሄዱ። ወደ ክፍል አልተመለስኩም፤ የቀረውን በራሴ ተማርኩ። ማሳ ላይ ግን አባቴ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳያውቁ፣ ማጭዳቸውን ሳያቆሙ «እስቲ የሳጥኑን ቃል በል» ይሉኝ ነበር።

ከልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ከአፍ ያልወጣ ቃል አይለመድም። ጮክ ብለሽ በይው፤ እሰማሻለሁ።»