ጉዛ የመጡልኝ ልጆች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በሜዳው በኩል አለፍኩ። ልጃገረዶች መረብ ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዷ የእኔዋ ማርታ ናት። ኳሷ አምልጣቸው ወደ እኔ መጣች። ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መለስ አድርጌ፣ ክንዶቼን ገጥሜ መታኋት። በመረቡ ላይ አልፋ መሀል ሜዳ አረፈች። ልጆቹ ጮኹ።

«እማዬ! ይኼን ደግሞ የት ተማርሽው?» አለች ማርታ፣ አፏን ከፍታ።

«እዚሁ» አልኳት። ወሬ አላበዛም። የቀረውን ግን ልጻፈው።

ጭሮን ገና አሰበ ተፈሪ የምንልበት ጊዜ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ታመመች፤ ቤቱ በእኔ እጅ ወደቀ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አዴ ፋጡማ የሚባሉ የጫት ነጋዴ ዘንድ ገባሁ። ገበሬው ያመጣውን ጫት እንመርጣለን፣ እናስራለን፣ እንዳይደርቅ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለን አይሱዙ ላይ እናስጭናለን። እናቴ ሥራውን አትወደውም ነበር። የነፍስ አባታችን ግን «ሠርተሽ እናትሽን ማብላትሽ ነውር የለውም፤ ዳዊትሽን ብቻ እንዳትተዪ» አሉኝ።

ሲስተር የሺእመቤት ከጎጃም ተመድባ ጤና ጣቢያችን የመጣች ነርስ ነበረች። እናቴን መርፌ ልትወጋ ቤታችን መጥታ ማገዶ ስቋጥር ጣቶቼን አየች።

«እነዚህ ጣቶች ኳስ ነክተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ሜዳ ላይ ነበርኩ። መረቡን ከማዳበሪያ ከረጢት ክር ራሷ ነው ያበጀችው። የተሰበሰብነው ልጆች ሁላችንም የድሃ ልጆች ነን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ሕጓ አንድ ነበር፤ መጀመሪያ ሂሳብ፣ ከዚያ ኳስ። ሣሩ ላይ ተቀምጠን ካልሠራን ኳሷን አናያትም። «አንቱ» ካልናት ትቆጣለች። «ገና አላረጀሁም፤ አንቺ በሉኝ» ትለን ነበር።

ከሁሉም ረጅሟ ሀዊ ነበረች። እኔ ኳሷን በጣቶቼ ጫፍ ከፍ አደርግላታለሁ፤ እሷ ዘልላ ትመታታለች። ያ ሲሆን ረሀቤን እንኳ እረሳ ነበር።

ነሐሴ ገባ፤ ጾመ ፍልሰታ ሆነ። ሲስተር አንድ ቀን ሰብስባን፣ «ቅዳሜ በደሳ ከተማ ሄደን እንጫወታለን። ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች ይመጣሉ። የተመረጠች ልጅ እዚያው እየበላች፣ እያደረች የምትማርበት ቦታ ትገባለች» አለችን። ልቤ ዘለለ። ጫቱ ጧት ስለሚጫን በመስከረም ትምህርቴን ላቆም ነበር። ይኼ በር ተከፈተልኝ አልኩ።

ለአዴ ፋጡማ ነገርኳቸው።

«ኳስ ይበላል?» አሉ። «ቅዳሜ ጫት የሚበዛበት ቀን ነው። ከቀረሽ ሰኞም እንዳትመጪ!»

እናቴን አሰብኩና ለሲስተር እንደማልሄድ ነገርኳት። ሀዊ አጠገቤ ቆማ ሰማች።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ መጋዘኑ ውስጥ ከጫቱ ክምር ፊት ተቀመጥኩ። ልጆቹን ወደ በደሳ የሚወስደው አውቶቡስ ይኼኔ ሄዷል እያልኩ አስራለሁ። በሩ በኃይል ተከፈተ። ቡድኑ በሙሉ! ፌስታል በራሳቸው ላይ አጥልቀዋል፣ ከኋላቸው ሲስተር በቦቲ ጫማ።

«ጉዛ መጥተናል!» አለች ሀዊ።

ጉዛ በእኛ አገር የታወቀ ነው። ሥራ ለበዛበት ጎረቤት ለእርዳታ ተሰብስቦ መውጣት ነው። የመጣን ጉዛ መመለስ ነውር ነው፤ ሳያበሉ መስደድም እንደዚያው።

«ያ ረቢ! ማን ጠራችሁ?» አሉ አዴ ፋጡማ።

«ሥራው ጠራን።»

«ጫት ማሰር ታውቃላችሁ?»

«እሷ ታሳየናለች» አለች ሀዊ ወደ እኔ እያመለከተች።

አሳየኋቸው። አንዷ በኦሮምኛ የጉዛ ዘፈን አወጣች፤ የቀረነው ተቀበልናት። ጫቱ ዐይናችን እያየ አለቀ። አዴ ፋጡማ አንድ እስር አንስተው አገላበጡ።

«ይኼን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሲስተር።

«ሲስተር፣ ይኼ ጫት ነው ወይስ የተሰበረ እግር?»

ሳቁ መጋዘኑን ሞላው። እሳቸውም ሳቁ።

ጭነቱ ሲያልቅ ለእስላሞቹ ልጆች ቂጣና ሆጃ ቀረበ፤ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተት የሚጨመርበት። እኛ ጾመኞቹ ዳር ቆምን። አዴ ፋጡማ የተቀቀለ ስኳር ድንች በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው አስያዙን። «ሰዓታችሁ ሲደርስ ብሉ። ጉዛዬን በባዶ ሆድ አልሰድም» አሉ። ከዚያ ሌላ ጫት ሊያመጣ ወደሚሄደው ሾፌር ዞሩ። «ባዶው አይሱዙ ወደ በደሳ ነው አይደል? ጫናቸው። ይቺንም ጨምር።»

ይቺ የተባልኩት እኔ ነኝ!

የጫት ሾፌር ቀስ ማለት አያውቅም። የኩኒን ዳገት በጉም ውስጥ ስንወጣ ጭቃው እስከ ፊታችን ይረጫል። ሲስተር ብረቱን ጨብጣ «እመቤቴ ማርያም!» ትላለች፤ ሀዊ «አላህ!» ትላለች፤ መልሰን እንዘፍናለን። እንዲያ ያለ ደስታ በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው ያየሁት።

በደሳዎች በጥቂት ነጥብ አሸነፉን። ግን ኳስ ባነሳሁ ቁጥር ሀዊ ሰማይ ላይ ነበረች፤ ተመልካቹ ይጮሃል። በመጨረሻ መራጮቹ የጠሩት የሀዊን ስም ነው። የእኔን አልጠሩም።

«ያለ እሷ አልሄድም» ብላ ሀዊ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ትሄጃለሽ» አልኳት። አለቀስኩ፤ ግን ለእሷም ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ በማለዳ መጋዘን ገባሁ። እንግዲህ ዕድሜዬን ሁሉ እዚሁ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። አዴ ፋጡማ መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

«ሾፌሩ ሁሉን ነገረኝ። ስሚ ኢንተላኮ፣ ልጄ። ትምህርት ሲከፈት ከትምህርት ቤት ስትወጪ ነው የምትመጪው። የከሰዓቱን ጭነት ታስሪያለሽ። ኳስ ያለብሽን ቅዳሜ ቀድመሽ ንገሪኝ። እነዚያ ልጆች ደግመው ጉዛ ከመጡብኝ በልተው ይጨርሱኛል!»

ጫቱን እንደያዝኩ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ምን ታዪኛለሽ? እሰሪ!»

እንደዚያ ሆኖ ትምህርቴን ጨረስኩ። ዛሬ ሂሳብ አስተምራለሁ። ሀዊ መቻራ ላይ ልጃገረዶችን ታሠለጥናለች። ሲስተር አገሯ ገብታለች። አዴ ፋጡማ አርፈዋል፤ ስማቸውን በጸሎቴ አነሳለሁ።

ድህነት ሰውን ለብቻው ያስቀምጠዋል። ችግሬ የእኔ ብቻ ነው ያሰኘዋል። ያን ቅዳሜ አጠገቤ የተቀመጡትን ልጆች ያመጣልኝ ኳሱ ነው፤ ኳሱን ያመጣልኝ እግዚአብሔር ነው።

በቅርቡ አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ከክፍል ጠፋች። ሻይ ቤት ዕቃ ታጥባለች አሉኝ። ቅዳሜ በማለዳ የክፍል ጓደኞቿን ይዤ ሄድኩ፤ እጅጌያችንን ሰብስበን ገባን። ባለቤቲቱ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ኋላ ሳቀች፣ ኋላም ተቀምጠን ስለ ልጅቷ ሰዓት ተነጋገርን። ሰኞ ልጅቷ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። ተመስገን።