ሰላምታ የተከለከለበት ዋሻ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶክተር ይልማ የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ሰላምታ እንዳልሰጥ ነበር። መርፌ መውጋትና ቁስል መስፋት ተምሬ የመጣሁ ነርስ ነኝ፤ ዝም ማለትን ግን ማንም አላስተማረኝም።

«ዋሻ የሚገባውን ሰው እንደምን አደርክ ካልሽው ጠዋት መሆኑን ነገርሽው ማለት ነው» አሉኝ። «ያን ቀን ጥናቱ ይቆማል፣ እሱ ይወጣል፣ አንቺም ትሰናበቻለሽ።» የላሊበላውን ክሊኒክ ለቅቄ ስለመጣሁ መመለሻ አልነበረኝም።

ባጃጅ ገና ላሊበላ መግባት የጀመረበት ዘመን ነው። ጥናቱ ስለ ጠፈር ተጓዦች ነበር። ዶክተር እንደሚሉት ድሮ ተመራማሪው የሚጨነቀው ለተጓዡ ልብና አጥንት ነው፤ ጉዞው እየረዘመ ሲታሰብ ግን ጥያቄው ወደ እንቅልፍ፣ ወደ ብቸኝነት፣ ወደ አእምሮ መረበሽ ዞረ። ጠዋትና ማታ በሌለበት መንኮራኩር ውስጥ ወራት የሚቀመጥ ሰው ምን ይሆናል? ያን ለማወቅ ከገነተ ማርያም በላይ ያለ፣ ከአለት የተፈለፈለ የድሮ የእህል ማከማቻ ዋሻ ተፈቀደልን። ብርሃን እንዳይገባ ሁለት በር ተገጠመለት፤ የውጭው ሳይዘጋ የውስጡ አይከፈትም። ቁልፉ እኔ ዘንድ ብቻ ነበር።

ቦታውን ያሳዩን ቄስ ደንቡን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ሰላምታ የሚነፈገው የተወገዘ ሰው ነው፣ ልጄ። ይኸ ሰው ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ። ለሳይንስ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ወረዱ፤ እኔም በሆዴ ሳቅሁባቸው።

የሚገባው ሰው ደርበው ይባላል፤ በፈቃዱ የመጣ የኩልመስክ አስተማሪ፣ ጨዋታ አዋቂ። ሃያ ቀን ብቻውን ሊቀመጥ ተስማምቶ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠኝ። መብራቱን ሲፈልግ ያበራል፣ ሲፈልግ አጥፍቶ ይተኛል። ቁርስ ከራት እንዳይለይበት ምግቡ ሁሌም ሽሮ በእንጀራ ነው፤ እኔም ሰዓቱን እያዛባሁ በሁለቱ በሮች መካከል አስቀምጥለታለሁ። ሙቀቱንና የልብ ምቱን ራሱ ለክቶ በወረቀት ጽፎ ይልክልኛል። የሚናገረውን በማይክሮፎን እንቀዳለን።

በአራተኛው ቀን ማለዳ የማይክሮፎኑ ባትሪ አልቆ አገኘሁት። ምግቡን አስቀምጬ በሩን አንኳኳሁ፤ ኮቴውን ስሰማ አፌ ቀደመኝ። «ደርቤ፣ እንደምን አደርክ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። መልስ ግን አልመጣም። አልሰማኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ መዝገቡ ላይም አልጻፍኩትም።

በማግስቱ ልክ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቴፑ የደርበውን ድምፅ ቀዳ። «እግዜር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ፣ አባባ?»

ከዚያ በፊት ያለውን ደጋግመን ሰማነው፤ ጸጥታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ደርበው ሰው እንደሚያዳምጥ «እህ… እህ» ይላል። በስድስተኛው ቀንም በሰባተኛውም ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያው ሆነ። ሰዓት ያጣ ሰው እንቅልፉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዛነፋል ብለን ነበር የጠበቅነው። የሱ ግን ዝንፍ አላለም። ቴፑን ብቻዬን መስማት ፈራሁ።

ሰሃኑም ተለወጠ። እንጀራው ከመሀሉ እኩል ተከፍሎ ግማሹ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። የእጅ ጽሑፉ እየደከመ ሄደ።

ዶክተር ሰዓት የሚነግረው ሰው አለ ብለው አመኑ። «ሲስተር፣ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አይደለሁም አልኩ፤ ለእንጀራዬ ፈርቼ ዋሸሁ። እሳቸውም ማስረጃ ስላልነበራቸው ያ ሰው እስኪደረስበት ጥናቱ በአሥር ቀን ይራዘም አሉ።

በአሥረኛው ቀን የመጣው ወረቀት ላይ ደርበው የልብ ምቱን ከጻፈ በኋላ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሯል፤ «ምግቡ ለሁለት ሰው አይበቃም።»

ወረቀቱን ይዤ ዶክተር ዘንድ ሄድኩና ያመለጠኝን ሰላምታ ተናገርኩ። አንድ ሰላምታ ስድስት ጠዋት ሊሆን አይችልም አሉኝ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነውና በሩ እንዲከፈት አዘዙ።

ደርበው ከስቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። አልጋው በሥርዓት ተነጥፏል፤ እሱ የሚተኛው አፈሩ ላይ ኖሯል። ክንዱን ይዤ ሳወጣው ወደ ኋላ ዞሮ ለባዶው ዋሻ እጅ ነሣ።

ደጅ አስቀምጬው ደም ግፊቱን ስለካ ጠጋ አለኝ።

«ሲስተር፣ ያን ቀን እንደምን አደርክ ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ንቄሽ አይደለም። ሽማግሌው ቀድመው ነግረውኝ ነው። ‹አሁን መጥታ ሰላም ትልሃለች፤ እንዳትመልስላት፣ ከሥራዋ ታስወጣታለህ› አሉኝ።»

ዶክተር ስለ መሰናበቴ የነገሩኝ ለብቻዬ ነበር፤ ደርበው ያኔ ገና ከኩልመስክ አልተነሣም።

እኔም በዚያው ሳምንት ተሰናበትኩ፤ አልተከራከርኩም። በሌላ ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሽማግሌው ማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብልም ውሸት ይሆናል። ለጀማሪ ነርሶች የምለው የማውቀውን ነው፤ ስህተታችሁን በሠራችሁበት ሰዓት ጻፉት። እኔ ባለመጻፌ አንድ ሰው ስድስት ቀን ግማሽ እንጀራ እየበላ መሬት ላይ ተኝቷል።