ያልተደረሰ ለቅሶ

ዛሬ ነገ ማለት የሰነፍ አመል ነው ይላሉ። እኔ ሰነፍ አይደለሁም፤ በዚህ ዕድሜዬም ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ግቢዬን እጠርጋለሁ። ለቅሶ መድረስ ግን አንዴ ካሳደሩት ባደረ ቁጥር ይከብዳል።

ባለቤቴ ሲሞት፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ጨርቅ የሸጥን፣ ከድልድዩ ማዶ መጋላ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ አልመጣችም። ዕቃ ልታመጣ ጅግጅጋ ሄዳለች ተባልኩ። ተመለሰች፤ አሁንም አልመጣችም። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ስታየኝ ከተሰቀሉት ብርድ ልብሶች ኋላ ተደበቀች። ጫማዋ ከሥር ይታየኝ ነበር። ዝም ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ያንን ጫማ አወራሁ።

ዘንድሮ እናቷ ሞቱ። በዚያው ጠዋት ሰማሁ። ቤቱ ሰው በዝቶበታል፣ ፀሐይ ሲበርድ እሄዳለሁ አልኩ። ሲበርድ መሸ። በማግስቱ ጁምዓ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጉልበቴን አመመኝ፤ እውነትም አሞኝ ነበር።

“እማዬ፣ ለቅሶ ደረስሽ?” ትለኛለች ልጄ።

“ፀሐይ ሲበርድ።”

“ድሬ ላይ ፀሐይ የሚበርደው በየትኛው ወር ነው?”

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት የጓደኛዬን ጃንጥላ ከሩቅ አየሁና ወደማላውቀው ቅያስ ታጠፍኩ። ከሰው አጥር ሥር ቆሜ እስክታልፍ ስጠብቅ፣ ዓይኔ ጫማዬ ላይ አረፈ።

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ከተማው ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ጫት ይዞ በርጫ ላይ ነው፤ ሰው ቤት አይኬድም። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። የሷን ጫማ ያወራሁላቸው ሁሉ እንዳያዩኝ።

በሩን ራሷ ከፈተች። ከእንቅልፏ መነሳቷ ነበር።

“በዚህ ፀሐይ? ሰው ሞተ እንዴ?”

“እናትሽ” አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። እኔም አለቀስኩ።

“አላህ ያጥናሽ” አልኳት።

“አንቺንም። ባልሽ ደግ ሰው ነበር።”

“አራት ዓመት ዘገየሽ።”

“ስትቆጥሪ ነበር?”

“ብርድ ልብሱ ሥር ጫማሽን አይቻለሁ።”

“ወላሂ? አይተሽ ነው ዝም ያልሽኝ? ብትጠሪኝ እኮ እወጣ ነበር።”

ረስቼላታለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ግን ያንን ጫማ ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አላወራሁም።

ልወጣ ስነሳ “ነገ ቤትሽ...” ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። “ነገ ካልኩ አልመጣም። ቆይኝ።” ሻሿን አሰረች፣ ጃንጥላዋን አነሳች።

ሁለታችን በአንድ ጃንጥላ ድልድዩን ተሻገርን። መንገዱ ጭር ብሏል። ሱቁ ደጃፍ ያሸለበ ባለሱቅ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

“እናቶች፣ በዚህ ፀሐይ ወዴት?”

“ለቅሶ ልደርስ” አለችው እሷ፣ ሳትቆም።