አባቴ የጠረገው ጫካ

አባቴ የደን ጠባቂ ነው። ቆሻሻ ካየ እጁ አያርፍም፤ እቤት እንኳ በልተን ሳንጨርስ ሳህናችንን ሊያጥብ አጠገባችን ይቆማል። «ይሄ ሰውዬ መጥረጊያ ይዞ ነው የተወለደው» ትላለች እናቴ።

ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ አውራ ጣት የማታክል ቡናማ እንቁራሪት አለች። ኩሬ አትፈልግም፤ የምትኖረውም እንቁላሏን የምትጥለውም እርጥብ የረገፈ ቅጠል ውስጥ ነው። ዝናብ ሲያባራ ወንዱ ይጠራል። ድምፁ ብርጭቆን በጥፍር እንደመምታት ነው፤ ጠቅ ጠቅ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ጠቅ። እናቴ ሳታገባ በፊት ለጠባቂዎቹ ምሳ ታደርስ ነበር። እሷም አባቴም ዓይን አፋር ስለነበሩ ወሬ ሲጠፋቸው እሱን ያዳምጡ ነበር። እንዲህ ነው የተዋደዱት።

ዘንድሮ እናቴ ታመመች፤ እግሯም ከዳት። «አንድ ቀን ውሰደኝና ልስማው» አለችው። አባቴ ደስ ሊያሰኛት ብሎ ቦታውን አሳመረው። ቅጠሉን ጠርጎ በጆንያ አወጣ፣ የበሰበሰውን ግንድ አነሳ፣ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ። በዊልቸር ወሰድናት። ዝናቡ አባራ፤ ጫካው ግን ጭጭ አለ።

እናቴ መሬቱን አየችና ነገሩ ገባት። «አንተ ሰውዬ፣ ቤታቸውን ጠረግህባቸው እኮ» አለችው፣ ቀስ ብላ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ያን ዕለት እራት አልበላም።

በማግስቱ ቅጠሉን በጆንያ ተሸክሞ መለሰ፣ ግንዱንም አንከባሎ ቦታው አደረሰ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቅጠል አልነካም፤ ለእሱ ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እናቴ እየከሳች ሄደች። በዘነበ ቁጥር ወስደናት ባዶ ጆሯችንን እንመለሳለን። አይደርስላትም አልኩ በሆዴ።

አንድ ከሰዓት፣ ካፊያው እንዳቆመ፣ እናቴ ቀና አለች። እኔም ሰማሁ። አባቴ ግን ፊታችንን ብቻ ያያል።

«ምን ሆናችሁ?» አለ።

ጆሮው መድከሙን ደብቆን ኖሯል። ለካ ያን ሁሉ ጆንያ የተሸከመው እሱ ለማይሰማው ድምፅ ነው።

እናቴ እጁን ሳበችና መዳፉን ዘርግታ በጥፍሯ መታችው፤ ጠቅ ጠቅ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ጠቅ።

አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እሱ ነው» አለ። «አታቁሚ።»